የሞልዱን ትኩስ ቦታ ብቻ ማተም፦ ከአዳማ ወርክሾፕ የተጻፈ የብረት ስሪዲ ፕሪንቲንግ መመሪያ

ስካቶላ ታውቃላችሁ። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የሚታሰርበት የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አራት ግድግዳ፣ አንድ ወለል፣ ውስጡ ቪስ የሚገባባቸው ሁለት ምሰሶዎች። እኔ ግን እዚህ አዳማ ከአንድ የስካቶላ ሞልድ (ትኩስ ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት) ጋር ወራት ታግያለሁ። ሳጥኑ ከማሽን ሲወጣ ቀጥ ያለ ነው። በነጋታው ስናየው ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ጎብጠዋል። ክዳኑ አይገጥምም። እንዳይጎብጥ ብለን የማቀዝቀዣውን ጊዜ ስናስረዝም ደግሞ በፈረቃ የምናወጣው ቁጥር ይወርዳል።

ጥፋቱ ያለው ኮሩ ላይ፣ ማለትም የሳጥኑን ውስጥ በሚቀርጸው የሞልዱ ክፍል ላይ ነው፤ በተለይ ማዕዘኖቹ ላይ። እዚያ ትኩሱ ፕላስቲክ ብረቱን ከሁለት ጎን አቅፎ ይይዘዋል። ስለዚህ የሳጥኑ ውጭ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ይዘገያል። ዘግይቶ የቀዘቀዘው ጎን ዘግይቶ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ግድግዳውን ወደ ራሱ ይስባል። ውሃ እዚያ እንዳናደርስ ምሰሶዎቹና ኢጀክተሮቹ (ሳጥኑን ከሞልዱ ገፍተው የሚያወጡት ዘንጎች) መንገድ ላይ ቆመዋል። ትራፓኖ የሚበሳው ቀጥታ ብቻ ነው። መታጠፍ አይችልም።

የብረት ስሪዲ ፕሪንቲንግ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ደቃቅ የብረት ዱቄት በስሱ ይዘረጋል። ሌዘር የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ያቀልጣል። ሰሌዳው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እንደገና ዱቄት ይዘረጋል። አንዱ ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ይሆናል። ባለ 50 ሚሊ ቁመት ዕቃ በ0.04 ሚሊ ቢሠራ 1,250 ንብርብር ይፈጃል ማለት ነው። ቴክኖሎጂው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ በተለይ በጀርመን የዳበረ ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ የውሃው ቱቦ በብረቱ ውስጥ እንደ ልብ መጠምዘዝ መቻሉ ነው። የዕቃውን ቅርጽ ተከትሎ፣ በምሰሶዎቹ መሃል ሾልኮ፣ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ይሄዳል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሙሉ ሞልድ አታሳትሙ። የምታሳትሙት ሙቀት የሚከማችበትን ቁራጭ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በሰፈራችን ቶርኖና ሚሊንግ ይሠራል፤ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። ማሽኑም የራሳችሁ መሆን የለበትም። እኛም ፋይል ልከን ነው የምናሠራው።

ደረጃ 1፦ ያለውን ውሃ ፈትሹ

ለሕትመት ከመቸኮላችሁ በፊት ግማሽ ቀን ለዚህ ስጡ። ቶርኖ ያስተማሩኝ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሞልድ አስቸገረኝ ባልኳቸው ቁጥር «ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃው መሄዱን እይ» ይሉኝ ነበር። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነበር።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ባልዲ፣ አንድ ሚዛንና የስልካችሁ ሰዓት ነው። የኮሩን የመመለሻ ጎማ ነቅላችሁ ወደ ባልዲው ልቀቁት። ልክ 30 ሰከንድ ቁጠሩ። ውሃውን መዝኑና በሁለት አባዙ። 1 ኪሎ ውሃ 1 ሊትር ስለሆነ ያገኛችሁት በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ነው።

ስንት ይበቃል? ውሃ በቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ መሃሉ ቀዝቃዛ እንደሆነ ያልፋል፤ ግድግዳውን የነካው ብቻ ይሞቃል። ሙቀት በደንብ የሚወስደው እየተገላበጠ ሲሄድ ነው። መሐንዲሶች ይህንን በሬይኖልድስ ቁጥር ይለኩታል። ከ4,000 በላይ መገላበጥ ይኖራል፤ ለሞልድ ግን ወደ 10,000 ማነጣጠር ጥሩ ነው። ለ30 ዲግሪ ውሃ አቋራጭ ስሌት አለ፦ የቱቦውን ዲያሜትር በሚሊ ወስዳችሁ በ0.38 አባዙት። 6 ሚሊ ቱቦ በደቂቃ 2.3 ሊትር ገደማ፣ 8 ሚሊ ቱቦ 3 ሊትር ገደማ ይፈልጋል።

ባልዲው ከዚህ በጣም ያነሰ ካሳያችሁ ቱቦዎቹ ዝገት ወይም ኖራ ይዘዋል፣ ጎማው ታጥፏል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው። መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የተጠረገ ቱቦ ችግሩን ከፈታው ትልቅ ገንዘብ አዳናችሁ።

ደረጃ 2፦ ትኩሱን ቦታ በቁጥር ያዙት

ማሽኑ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በተለመደው ሩጫ ይሥራ። ከዚያ አቁሙት። ሞተሩን አጥፉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ወዲያው ለኩ። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ብቻውን ይዋሻል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት የሌላውን ነገር ሙቀት ያንጸባርቃል። የሚነካ የሙቀት መለኪያ ካላችሁ እሱ ይሻላል። ከሌላችሁ ከሩጫው በፊት ፕላስቲክ የማይነካው ቦታ ላይ ትንሽ ጥቁር ማርከር ቀብታችሁ በእሱ አነጻጽሩ። ማዕዘኖቹን፣ የምሰሶዎቹን ሥር፣ የጌቱን (ፕላስቲኩ የሚገባበትን ቀዳዳ) ፊት ለፊት ለየብቻ ጻፉ።

ይህ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል? ምሳሌ ላሳያችሁ። 2 ሚሊ ውፍረት ያለው የፖሊፕሮፒሊን ግድግዳ እንውሰድ። ፕላስቲኩ በ230 ዲግሪ ይገባል፤ መሃሉ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይወጣል። የተለመደውን የማቀዝቀዣ ስሌት ስሠራው፣ የሞልዱ ፊት 30 ዲግሪ ከሆነ ወደ 7 ሰከንድ ይፈጃል። 60 ዲግሪ ከሆነ 9 ሰከንድ ተኩል ገደማ። 75 ዲግሪ ከሆነ 12 ሰከንድ ያልፋል። ማሽኑ የሚጠብቀው በጣም የዘገየውን ማዕዘን ነው። የተቀረው ሳጥን ደርቆ ቆሞ ይጠብቃል።

ውፍረቱንም አትርሱ። የማቀዝቀዣ ጊዜ ከውፍረት ስኩዌር ጋር ያድጋል። 2 ሚሊ 7 ሰከንድ ከፈጀ 3 ሚሊ ወደ 16 ሰከንድ ይወስዳል። ያለ ምክንያት ወፍራም የሆነ ምሰሶ ካለ፣ ምርጡ መድኃኒት ምሰሶውን ማቅጠን ነው። ሕትመት የዲዛይን ስህተትን አይሸፍንም።

ቀጥሎ ርካሽ መንገዶች አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኮሩ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ሰፊ ጉድጓድ በስታችሁ መሃሉን በጠፍጣፋ ብረት መክፈል ይበቃል፤ ውሃው በአንዱ ጎን ወጥቶ በሌላው ይወርዳል። ቀጭን ኮር ከሆነ የመዳብ ቅይጥ ፒን ማስገባት ይቻላል። ቤሪሊየም ያለበትን መዳብ ግን በግራይንደር አትሳሉት፤ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው። እነዚህ ካልሠሩ፣ እንደኔ ስካቶላ ምሰሶና ኢጀክተር መንገዱን ከዘጉት፣ ያኔ ወደ ሕትመት እንሂድ።

ደረጃ 3፦ ቁራጩን ለዩ

ከኮሩ ውስጥ ውሃ የሚፈልገውን ክፍል ብቻ እንደ ኢንሰርት (ሞልዱ ውስጥ ተለይቶ የሚገጠም ቁራጭ) ቁረጡት። በዱቄት የሚሠራ ብረት የሚከፈለው በመጠኑና በማሽን ሰዓቱ ነው። ለምሳሌ 60 በ60 በ50 ሚሊ የሆነ ድፍን ቁራጭ 180 ኪዩቢክ ሴንቲ ነው፤ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የታችኛው 20 ሚሊ ቀጥ ያለ መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ለምን ይታተማል? እሱ ከተራ ድፍን ብረት በሚሊንግ ይሠራ። ሕትመቱ ከላዩ ይቀጥል።

ይህ ሁለቱን ያጣመረ አሠራር ይባላል። መሠረቱን እዚህ ሠርታችሁ መላክ ትችላላችሁ፤ ወይም አታሚው ራሱ ያዘጋጀዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መሠረቱ ማሽኑ ላይ በትክክል መሃል ካልዋለ ቱቦው ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። ያንን ኃላፊነት የሚሸከመው አንድ ሰው ቢሆን ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ ብረቱን ምረጡ

ለሞልድ ኢንሰርት በብዛት የሚታተመው ማሬጂንግ የሚባለው አረብ ብረት ነው። በካታሎግ ቁጥሩ 1.2709 ይባላል። 18 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ 9 በመቶ ገደማ ኮባልት፣ 5 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም አለው። ካርቦኑ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሲታተም አይሰነጠቅም። በወርክሾፕ የምናውቀው በካርቦን የሚጠነክር የመሣሪያ ብረት ግን በሌዘር ሲቀልጥ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ለእኛ ትልቁ ስጦታው ሌላ ነው። ከማሽን ሲወጣ ጥንካሬው በሮክዌል 35 ገደማ ነው። በተራ ካርባይድ መሣሪያ ይቆረጣል፣ ይበሳል። ከዚያ በ490 ዲግሪ ለ6 ሰዓት ያህል ሲቆይ ከ50 በላይ ይሆናል። ዘይት ውስጥ መንከር የለም፤ በድንገት ማቀዝቀዝ የለም። መጠኑም ብዙ አይለወጥም። 0.08 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። በ60 ሚሊ ላይ ይህ 0.05 ሚሊ ነው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ማሬጂንግ ይዝጋል። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም ከተለመደው የሞልድ ብረት ያነሰ ነው። ስለዚህ ያሸነፈልን ብረቱ አይደለም፤ ውሃው መቅረቡ ነው። ቱቦውን ከፊቱ አርቃችሁ ከሳላችሁት ገንዘባችሁን አፈሰሳችሁ።

ስካቶላውን በፒቪሲ የምትሠሩ ከሆነ ማሬጂንግን ተዉት። ፒቪሲ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ አሲድ ይሆንና ብረቱን ይበላዋል። የማይዝግ፣ ሊጠነክር የሚችል ዱቄት ጠይቁ። ከ17-4 ጀምሮ ለሞልድ ተብለው የተዘጋጁ የማይዝጉ ማሬጂንግ ዱቄቶች አሉ። የምትጠቀሙትን ፕላስቲክ ለአታሚው በግልጽ ጻፉለት።

ደረጃ 5፦ የውሃውን መንገድ ሳሉ

ይህ ደረጃ ሁሉንም ነገር ይወስናል። አትቸኩሉ። ካድ (በኮምፒውተር ሥዕል መሳል) የሚያውቅ ልጅ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ሞልዱን የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ አድርጋችሁ «እዚህ ይለፍ» በሉት።

ለመነሻ የሚሆን መለኪያ ይኸውላችሁ። የፕላስቲኩ ውፍረት እስከ 2 ሚሊ ከሆነ የቱቦው ዲያሜትር ከ4 እስከ 8 ሚሊ ይሁን። ከ2 እስከ 4 ሚሊ ከሆነ ከ8 እስከ 12። ከቱቦው መሃል እስከ ሞልዱ ፊት የዲያሜትሩ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ርቀት ይኑር። በሁለት ጎረቤት ቱቦዎች መሃል ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ። ለ6 ሚሊ ቱቦ፣ መሃሉ ከፊቱ ከ9 እስከ 12 ሚሊ ይገባል ማለት ነው። ጠባብ ኮር ላይ ይህ ቦታ አይገኝም። ያኔ ቱቦውን ወደ 4 ሚሊ አውርዱት እንጂ ብረቱን አታሳሱት። ፕላስቲኩ የሚገባው በትልቅ ግፊት ነው፤ ስስ ግድግዳ በየሩጫው እየተነፈሰ በመጨረሻ ይሰነጠቃል።

ከኢጀክተር ቀዳዳና ከቪስ ቀዳዳ ቢያንስ 3 ሚሊ ድፍን ብረት ተዉ። ቢቻል 4። ቀዳዳው በኋላ በትራፓኖ ሲበሳ ትንሽ ሊሸሽ ይችላል። ቱቦውን ከነካ ኢንሰርቱ አለቀለት።

መንገዱ አንድ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ። ለሁለት ተከፍሎ መሃል ላይ ተመልሶ የሚገናኝ ቱቦ በሥዕል ያምራል። ግን አንዱ ቅርንጫፍ ሲደፈን ውሃው በሌላው ያልፍና ማንም አያውቅም። ባልዲውም አይነግራችሁም። ብዙ ቱቦ የግድ ከሆነ እያንዳንዱን ለብቻው ወደ ውጭ አውጡት።

የሞተ ጫፍ አይኑር። ዱቄት እዚያ ይቀራል። ሹል መታጠፊያ አይኑር፤ የመታጠፊያው ራዲየስ ቢያንስ የቱቦውን ዲያሜትር ያህል ይሁን። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ጥግ ነው።

የቱቦውን ጣሪያም አስቡት። ሲታተም ጣሪያው የሚቀመጠው በላላ ዱቄት ላይ ነው። ክብ ቱቦ እስከ 8 ሚሊ ድረስ ያለ ድጋፍ ይቆማል። ከዚያ በላይ ጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ይሻክራል። ስለዚህ ትልቁን ቱቦ ጫፉ ወደ ላይ እንደሆነ የውሃ ጠብታ አድርጋችሁ ሳሉት። በአጠቃላይ ከወለሉ ከ45 ዲግሪ በታች ያጋደለ ነገር ድጋፍ ይፈልጋል፤ ቱቦ ውስጥ የገባ ድጋፍ ደግሞ በኋላ አይወጣም።

በመጨረሻ ውሃው ይበቃ እንደሆነ አስሉ። በደቂቃ 2.3 ሊትር ውሃ 1 ኪሎዋት ሙቀት ሲሸከም በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በመግቢያና በመውጫ መሃል ከ5 ዲግሪ በላይ ልዩነት እንዲኖር አልፈልግም፤ የኢንሰርቱ አንዱ ጎን ከሌላው ይሞቃልና። ቱቦው በጣም ከረዘመ ለሁለት የተለያዩ መንገዶች ክፈሉት።

ደረጃ 6፦ ሥዕሉን ለሕትመት አዘጋጁ

የታተመ ብረት ፊቱ አሸዋማ ነው። እንዳለ ለሞልድ ፊት አይሆንም። ፕላስቲክ የሚነካውን ፊትና ከሌላ ብረት ጋር የሚገጥመውን ሁሉ ግማሽ ሚሊ ጨምሩበት። በኋላ በሚሊንግ፣ በስፓርክ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት በሚበላ ማሽን)፣ በሞረድና በፖሊሽ ይወርዳል።

የኢጀክተር ቀዳዳዎችን ወይ ዝጉአቸው ወይ በግማሽ ሚሊ አጥብባችሁ ሳሉ። ጥርስ አታሳትሙ፤ የጎማው ኒፕል የሚገባበት ጥርስ በጥርስ ማውጫ ቢቆረጥ ይሻላል። ለኦ-ሪንግ መቀመጫውም እንዲሁ፤ ውሃ የሚያቆመው ለስላሳ ፊት ነው።

አንድ የምትረሱት ነገር ይኖራል። በሚሊንግ ስትይዙት ከየት ትለካላችሁ? የታተመው ቁራጭ ሁሉም ፊቱ ሸካራ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀጥ ያሉ ጎኖችና አንድ መነሻ ቀዳዳ በሥዕሉ ላይ ወስኑ። ቱቦው የት እንዳለ ከውጭ አይታይም። መነሻችሁ ከተሳሳተ ሚሊንጉ ወደ ቱቦው ይጠጋል።

ደረጃ 7፦ ትእዛዙን በጽሑፍ አድርጉት

ፋይሉን በስቴፕ ፎርማት ላኩ። አብሮ ከዚህ በታች ያለውን ጻፉ፤ እኔ ባለመጻፌ ከፍያለሁ። በመጀመሪያው ሥራዬ አታሚው ዱቄቱን ከቱቦው በደንብ ሳያወጣ ኢንሰርቱን ምድጃ ውስጥ ከተተው። በሙቀቱ ዱቄቱ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ቁራጩ በእጄ ሲገባ በቱቦው ውስጥ ሽቦ እንኳ አላልፍ አለ። ውጭው ያምራል፣ ውስጡ ግን ድፍን ሆኗል።

ስለዚህ በትእዛዙ ላይ፦
- ከማንኛውም የሙቀት ሥራ በፊት ዱቄቱ ከቱቦዎቹ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ውሃ ሲያልፍበት የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክልን።
- ብረቱ ሳይጠነክር፣ በሮክዌል 35 ገደማ ይላክ።
- የትኛው ፊት ወደ ላይ ሆኖ እንደሚታተም ከሕትመቱ በፊት በሥዕል ይታይ።
- ከሰሌዳው ተቆርጦ፣ ድጋፉ ተነስቶ፣ ቱቦዎቹ ደርቀውና ተደፍነው ይላክ።

ዋጋ ስታወዳድሩ በኪሎ አታወዳድሩ። አንዱ ርካሽ የሚሆነው ማጽዳቱንና መቁረጡን ስላልቆጠረ ሊሆን ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ክፍያው፣ የአየር ጭነቱና ጉምሩኩ የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ሞልዱ ቆሞ አይጠብቅ። አሮጌው ኮር እየሠራ አዲሱ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ ሲደርስ ከማክበራችሁ በፊት ፈትሹ

መጀመሪያ ዱቄት። ከቱቦው የሚወጣው ዱቄት ኒኬልና ኮባልት አለበት፤ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። በኮምፕሬሰር ክፍት አየር ላይ አትንፉት። መውጫው ላይ ፕላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ጥሩ የአቧራ ማስክና መነጽር አድርጉ፣ ቀስ እያላችሁ ንፉ። ኢንሰርቱን በፕላስቲክ መዶሻ እያንኳኳችሁ አቅጣጫውን ለዋውጡ። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ፤ ሻይ ቡና ከዚያ በኋላ።

ቀጥሎ ውሃ አሳልፉና በጨርቅ አጣሩት። ጨርቁ ላይ ግራጫ ዱቄት እስካለ ድረስ አልጸዳም። ሲጠራ የባልዲውን ልኬት ውሰዱና ጻፉ።

ከዚያ የግፊት ፈተና። የቧንቧ ሠራተኞች መስመር የሚፈትሹበት የእጅ ፓምፕ ይበቃል። ውሃ ሙሉ፣ አየሩን አውጡ፣ ወደ 10 ባር አድርሱ፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት። መርፌው ከወረደ ወይም ፊቱ ላይ ላብ ከታየ ቀዳዳ አለው። በአየር አትፈትኑ፤ የታመቀ አየር ብረት ሲሰነጥቅ ሰው ይጎዳል።

ይህንን ሁሉ ከማጠንከሩ በፊት አድርጉ። በኋላ የተገኘ ጉድለት መመለሻ የለውም።

ደረጃ 9፦ በእጃችን የምንጨርሰው

ኢንሰርቱ ለስላሳ እያለ ከባዱን ሥራ ጨርሱ። ቀዳዳዎቹን ብሱ፣ ጥርሱን አውጡ፣ ፊቱን በሚሊንግ እስከ 0.1 ሚሊ ቅሪት ድረስ አውርዱ። ከዚያ ወደ 490 ዲግሪው ምድጃ። የሙቀት መቆጣጠሪያው የሚታመን ይሁን፤ በጣም ካለፈ ብረቱ እንደገና ይለሰልሳል። ቫክዩም ወይም አርጎን ያለው ምድጃ ከተገኘ ፊቱ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ተራ ምድጃ ከሆነ ይጠቁራል፤ ቅሪቱን ስታነሱ ጥቁረቱም ይሄዳል። ቱቦዎቹ ምድጃው ውስጥ ሲገቡ ፍጹም ደረቅ ይሁኑ።

ከምድጃ በኋላ ያቺ 0.05 ሚሊ መኮማተር ታልፋለች። የመጨረሻውን ግራይንዲንግ፣ የኢጀክተር ቀዳዳ ማስተካከያውንና ፖሊሹን አሁን ሥሩ። ፖሊሽ ስታደርጉ ጥቃቅን ቀዳዳ ካያችሁ ብዙ አትጨነቁ፤ ስካቶላ መስታወት አይደለም። ለሚያብረቀርቅ ዕቃ ግን ይህ ቁም ነገር ነው፤ የብረቱ ጥግግት ምን ያህል እንደሆነ አታሚውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ማሽኑ ላይ

ኢንሰርቱን ከሌላው ውሃ ጋር በተከታታይ አትሰኩት። የራሱ ጎማ፣ የራሱ ቫልቭ ይኑረው። በአሮጌው የማቀዝቀዣ ጊዜ ጀምሩ። ግማሽ ሰዓት ሩጡ፣ በደረጃ 2 የለካችሁትን ቦታ እንደገና ለኩ። ልዩነቱን በወረቀት ላይ ታዩታላችሁ።

ከዚያ የማቀዝቀዣውን ጊዜ አንድ ሰከንድ ብቻ ቀንሱ። ሀያ ሳጥን አውጡ። መዝኑ፣ ምልክት አድርጉ፣ አስቀምጡ። እንደገና አንድ ሰከንድ። ኢጀክተሩ ፕላስቲኩን መውጋት ሲጀምር አልፋችሁታል ማለት ነው፤ አንድ ተመለሱ። ፍርዱን ግን ያን ቀን አትስጡ። ፖሊፕሮፒሊን ከወጣ በኋላም መኮማተሩን ይቀጥላል። በነጋታው ካሊፐር ይዛችሁ የግድግዳውን መሃልና ጫፍ ለኩ፣ ክዳኑን ግጠሙ። እኔ ያደርኩባቸው የስካቶላ ግድግዳዎች በማግስቱ ቀጥ ብለው ሳገኛቸው ያለኝ ደስታ ቀላል አልነበረም።

በክረምት ቺለሩን (የውሃ ማቀዝቀዣውን) በጣም ዝቅ አታድርጉ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቀዝቃዛ ሞልድ ላብ ያወጣል፤ ማሬጂንግ ደግሞ ላብ አይወድም። በሙቅ ውሃ የምትሠሩም አስታውሱ፦ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክፍት ውሃ እዚህ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 90 ዲግሪ ሞልድ የሚፈልግ ፕላስቲክ ካላችሁ ግፊት ያለው ማሞቂያ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 11፦ ቱቦውን በሕይወት አቆዩት

የታተመ ቱቦ ጠማማ ነው፤ በትራፓኖ ተመልሶ አይጠረግም። ግድግዳውም ሸካራ ስለሆነ ኖራ ቶሎ ይይዛል። ኖራ ደግሞ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከብረቱ አሥር እጥፍ ያህል ባነሰ አቅም ነው። ግማሽ ሚሊ ኖራ ያዘ ማለት ቱቦውን 5 ሚሊ ያህል አርቃችሁ ሳላችሁት ማለት ነው። በደረጃ 5 የለፋንበት ሁሉ እዚያው ያልቃል።

የምትጠቀሙትን ውሃ በቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ፈትሹት። ታቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃችሁ ኖራ አለው። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ በላቦራቶሪ ይታይ። ለኢንሰርቱ ዝግ የሆነ፣ ተመላልሶ የሚሠራ የራሱ ውሃ ስጡት፤ የተጣራ ውሃ ከጸረ ዝገት መድኃኒት ጋር። መግቢያው ላይ ደቃቅ ወንፊት ያለው ፊልተር ግጠሙ። ከአሮጌ ቧንቧ የሚመጣ አንድ የዝገት ፍንጣሪ 4 ሚሊ ቱቦ ለመዝጋት ይበቃል።

ሞልዱ ሲወርድ ቱቦውን በደረቅ አየር ንፉና ድፈኑት። መብራት ጠፍቶ ለብዙ ሰዓት ከቆመም እንዲሁ። የቆመ ውሃ ማሬጂንግ ውስጥ ዝገት ይጀምራል፤ ስንጥቅም ከዝገት ጉድጓድ ይነሳል።

በወር አንድ ጊዜ ባልዲውን አምጡ። በመጀመሪያው ቀን የለካችሁትን ሊትር በቁጥር ማህተም ሞልዱ ጎን ላይ ምቱት፤ ወረቀት ይጠፋል። የወሩ ልኬት ከዚያ ቁጥር በአሥር በመቶ ከወረደ ለብረቱ የሚስማማ ቀላል የኖራ ማሟሟቂያ አዘዋውሩበት፣ በንጹህ ውሃ አጥቡት፣ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ እስኪመለስ ድረስ ሞልዱን ወደ ማሽን አትመልሱት።